ከመብራት መስመር ውጭ በዩርት መኖር፦ ከሳን ሉዊስ ሸለቆ

ዩርት፣ ማለትም ክብ የድንኳን ቤት፣ ሊሠሩ ያሰቡ ሰዎች ሲደውሉልኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ድንኳኑ ነው። ስንት ያወጣል? ነፋስ አይወስደውም ወይ? በስንት ቀን ይቆማል? እኔ ደግሞ መልሼ ስለ ውሃ እጠይቃቸዋለሁ። ከየት ታመጣላችሁ? በምን መኪና? በብርዱ ወራት የት ታስቀምጡታላችሁ? አብዛኞቹ እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። ዩርት ወለሉ አስቀድሞ ከተሠራ ከጥቂት ወዳጆች ጋር በአንድ ቅዳሜና እሁድ የሚቆም ነገር ነው። ኑሮውን የሚያቆመው ወይም የሚያፈርሰው ግን ውሃው፣ ማገዶው፣ ፀሐዩና የካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ፈቃድ ነው። ስለ ድንኳኑም እጽፋለሁ፤ የማተኩረው ግን በእነዚህ ላይ ነው።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው በደቡብ ኮሎራዶ፣ ሳን ሉዊስ ሸለቆ በሚባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ነው። ከዴንቨር ተነስቶ እስከ ዎልሰንበርግ ወደ ደቡብ፣ ከዚያም በላ ቪታ በኩል ተራራውን ተሻግሮ አራት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። በምሥራቅ የሳንግሬ ደ ክሪስቶ፣ በምዕራብ የሳን ሁዋን ተራሮች ይታያሉ፤ መሐሉ ቁጥቋጦ ብቻ የለበሰ ደረቅ ሜዳ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ስለሆነ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ይህን የሰማ ሁሉ አየሩም የሚመሳሰል ይመስለዋል። አይመሳሰልም። የአካባቢው ዋና ከተማ አላሞሳ በዓመት የሚያገኘው ዝናብ 180 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ቀዝቃዛው አየር ሌሊት ከተራሮቹ ወርዶ ሜዳው ላይ ስለሚተኛ፣ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ተራራው ወገብ ላይ ያለው ሰው ከእኛ ይልቅ ይሞቀዋል።

ሰው ወደዚህ የሚመጣው መሬቱ ርካሽ ስለሆነ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት ሰፋፊ የከብት እርባታ መሬቶች ባለ አምስት ኤከር፣ ማለትም ሁለት ሄክታር ገደማ እየሆኑ ተሸንሽነው ተሸጠዋል። ካርታው ላይ መንገድ አለ፤ መሬቱ ላይ ሲኬድ የጎማ ዱካ ነው፤ አንዳንዱ ጋ እሱም የለም። የመብራት ምሰሶ ከእኛ በጣም ይርቃል፤ መስመር ለማስቀጠል የተጠየቅነው ገንዘብ መሬቱን ከገዛንበት ይበልጥ ነበር። እኔ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ውስጥ ለአንዲት ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ኪራይ እየከፈልኩ ግማሹን ወር መንገድ ላይ ማደሬ አንገሸገሸኝ። ባለቤቴ ሥራዋን በኮምፒውተር ከቤት ስለምትሠራ፣ ኢንተርኔት ካለ የትም መሆን ትችላለች። እናቴ የመጀመሪያውን ፎቶ ስታይ «የማን ልቅሶ ነው?» ብላ ደነገጠች። ነጭ ድንኳን ሜዳ ላይ ተተክሎ ስታይ ሌላ ምን ትበል!

ዩርት የመካከለኛው እስያ ዘላን ሕዝቦች ቤት ነው። ዩኔስኮ በ2013 የሞንጎሎችን፣ በ2014 ደግሞ የኪርጊዝንና የካዛክን አሠራር በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። አሜሪካ ውስጥ ሐሳቡን በ1960ዎቹ ያስፋፋው ቢል ኮፐርትዌይት የተባለ የሜይን ግዛት ሰው ነው። ዛሬ በኪት፣ ማለትም ገዢው ራሱ በሚገጣጥመው ጥቅል፣ የሚሸጠው ግን ከእስያውም ከኮፐርትዌይትም የተለየ ነው። የበግ ጠጉር ምንጣፉ በቪኒል ሸራ፣ የጠጉር መቀነቱ በብረት ገመድ፣ የጭስ ቀዳዳው በሚከፈትና በሚዘጋ ግልጽ የፕላስቲክ ጉልላት ተተክቷል።

ጎጆ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል፤ ልዩነቱ መሐል ላይ ምሰሶ አለመኖሩ ነው። ግድግዳው እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፎ የሚመጣ የእንጨት ጥልፍልፍ ነው። በላይኛው ጠርዙ ላይ ዙሪያውን የብረት ገመድ ይዞራል፤ ወራጆቹ በአንድ ጫፋቸው ገመዱ ላይ ይቀመጣሉ፣ በሌላው ጫፋቸው መሐል ላይ ያለው የእንጨት ቀለበት ውስጥ ይገባሉ። ጣሪያው በክብደቱ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ገመዱ ደግሞ እንዳይሄድ ይይዘዋል። የገመዱ ሁለት ጫፎች የሚታሰሩት በሩ መቃን ላይ ስለሆነ፣ የቤቱ ጉልበት ሁሉ በሩ ላይ ነው። ኋላ ላይ «እዚህ ጋ መስኮት ባወጣ» ብሎ ጥልፍልፉን በመጋዝ የሚቆርጥ ሰው የሚቆርጠው የቤቱን አጥንት ነው። መስኮት የሚታሰበው ከማዘዝ በፊት ነው።

የእኛ ስፋቱ 7 ሜትር ከ30 ነው፤ 42 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለሁለት ሰው ይበቃል፤ እንግዳ ሲጨመር ግን ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ መሆኑ ይታወቃል። ከዚህ ያነሰውን፣ ባለ 5 ሜትሩን፣ ለዓመት ሙሉ ኑሮ አልመክርም፤ ምድጃው ከግድግዳው በሚገባው ርቀት ሲቀመጥ ለሰው የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው።

ወለሉን በጥንቃቄ ሥሩ፤ ከግንባታው ሁሉ ጊዜ የሚፈልገው እሱ ነው። ብዙ ሰው ከዩርቱ ሰፋ ያለ አራት ማዕዘን መድረክ ሠርቶ ዩርቱን እላዩ ላይ ያስቀምጣል፤ በረንዳም ሆነልኝ ይላል። ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ መድረኩ ላይ አርፎ በግድግዳው ሥር ወደ ውስጥ ይገባል። ትክክለኛው መድረክ ከዩርቱ ጋር ልክ በልክ የሆነ ክብ ነው፤ የግድግዳው ሸራ ከመድረኩ ጠርዝ አልፎ ወደ ታች ይወርዳል፣ ውሃው ቀጥታ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ክቡን ለማውጣት ፕላይውዱን ከመታን በኋላ መሐሉ ላይ ሚስማር ተክለን፣ የማይለጠጥ ቀጭን የብረት ሽቦ አሰርንበትና በሌላው ጫፍ እርሳስ አድርገን ዞርን። ሲባጎ አይሆንም፤ በተሳበ ቁጥር ስለሚረዝም የዞራችሁበት መነሻና መድረሻ አይገናኝም። ከዚያ በትንሽ የኤሌክትሪክ መጋዝ ጫፍ ጫፉን መከርከም ነው።

የመድረኩ እግሮች ኮንክሪት ናቸው፤ ውርጭ መሬቱን እንዳያነሳው ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ወርደዋል። እያንዳንዱን እግር በውሃ ልክ አስተካክሉ። ወለሉ ከተዛባ ጥልፍልፉ እኩል አይዘረጋም፤ በሩም አይዘጋም። ከወለሉ ሥር አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ፎም፣ ከፎሙ ሥር ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት አድርጉ። ወንፊቱ ለአይጥ ነው። አይጥ ፎም ትወዳለች፤ አንዴ ከገባች ክረምት ከበጋ አታስተኛችሁም።

ለማቆም ነፋስ የሌለበትን ጠዋት ምረጡ። እዚህ ሜዳ ላይ በጸደይ ወራት ነፋሱ ከቀትር በኋላ ነው የሚበረታው፤ ጣሪያው ሳይታሰር ከደረሰ ሸራው ራሱ ሰው ይዞ ይሄዳል። ቀለበቱን ሁለት ሰዎች መወጣጫ ላይ ሆነው ይይዙታል፤ መጀመሪያ ሦስት ወራጆች በእኩል ርቀት ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ ቀለበቱ በራሱ ስለሚቆም ሰዎቹ እፎይ ይላሉ። የጣሪያው ሸራ እጅግ ከባድ ነው። ተጣጥፎ በመሐል ወጥቶ በቀለበቱ ቀዳዳ ወደ ላይ ይወሰድና ከዚያ ወደ ዙሪያው ይዘረጋል። የሚነፍሰው ከደቡብ ምዕራብ ስለሆነ በራችንን ወደ ምሥራቅ አደረግን። ለነፋስና ለበረዶ የሚሸጠውን ተጨማሪ ድጋፍ፣ በየወራጁ ሥር የሚቆመውን ቋሚ እንጨት፣ ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ አትተዉት። ነፋሱ ሲነሳ ቤቱ ይንጫጫል፣ ሸራው ይርገበገባል፣ በስልክ መነጋገር ያስቸግራል። አይወድቅም ግን።

ፈቃዱ ሌላ ነገር ነው። «ድንኳን ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም» የሚለውን ወሬ አትስሙ። ካውንቲዎቹ ቋሚ መኖሪያ አድርገው ነው የሚያዩት። ዩርቱ የአካባቢውን የበረዶ ክብደትና የነፋስ ፍጥነት እንደሚችል የሚያሳይ በመሐንዲስ የታተመ ሥዕል ይጠይቃሉ። ሻጮቹ ይህን ሥዕል በተጨማሪ ክፍያ ይሰጣሉ፤ ኪቱን ከማዘዛችሁ በፊት ለምን ግዛት፣ ለምን ካውንቲ እንደሆነ ተናግራችሁ መኖሩን አረጋግጡ። የፍሳሽ ማስወገጃውም የራሱ ፈቃድ አለው፤ ብዙ ቦታ እሱ ሳይጸድቅ በራስ መሬት ላይ እንኳ ከተወሰነ ጊዜ በላይ ሰፍሮ መኖር ክልክል ነው። እኛ ካውንቲው የሚፈልገውን የፍሳሽ ማጠራቀሚያ አስቀበርን፤ ውሃ ለመቆጠብ ግን ለዕለት ዕለት የምንጠቀመው ውሃ የማይፈልግ፣ በሰጋቱራ የሚሸፈን መጸዳጃ ነው። ሰጋቱራው ደረቅና ደቃቅ ከሆነ ሽታ የለውም። ባንክን በተመለከተ፣ ለዩርት የቤት ብድር የሚሰጥ ማግኘት በጣም ከባድ ነው፤ የኢንሹራንስ ድርጅቶችም አብዛኞቹ ስሙን ሲሰሙ ይሸሻሉ። ጥሬ ገንዘብ ይዛችሁ ግቡ። እኛ ኪቱን ከነማጓጓዣው ወደ 20 ሺህ ዶላር ገዛነው፤ ይህ ግን ከጠቅላላው ወጪ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ወለሉ፣ ማጠራቀሚያው፣ ሶላሩና ምድጃው የቀረውን ወሰዱት።

አሁን ወደ ውሃው ልመለስ። ኮሎራዶ ውስጥ መሬት መግዛት ማለት ውሃ መግዛት ማለት አይደለም። የከርሰ ምድሩም የወንዙም ውሃ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የመብት ተራ አለው። ጉድጓድ ለማስቆፈር ከግዛቱ የውሃ ሀብት ክፍል ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከ35 ኤከር በታች ለሆነ ይዞታ ቢፈቀድም እንኳ ብዙውን ጊዜ ለቤት ውስጥ አገልግሎት ብቻ ነው። ጎመን ማጠጣት፣ ዶሮና በግ ማርባት በዚያ ውሃ አይቻልም። «መሬት ገዝቼ ጓሮዬን አለማለሁ» ብሎ የመጣ ወገን በጣም የሚያዝነው እዚህ ላይ ነው። የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ራሱ እስከ 2016 ድረስ ለአብዛኛው ሰው የተከለከለ ነበር፤ በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ የፈቀደው ሁለት በርሜል፣ በድምሩ 110 ጋሎን ወይም 416 ሊትር ነው። ዩርት ደግሞ ዙሪያውን አሸንዳ ለመግጠም አይመችም። ስለዚህ ዝናብን ከሒሳባችሁ አውጡት።

የቀረው በመኪና ማመላለስ ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ያለው ነጭ ታንከር 275 ጋሎን፣ ማለትም 1,040 ሊትር ይይዛል። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ ሲሞላ ከአንድ ቶን ይበልጣል። ተራ ፒክአፕ የሚችለው ከ700 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ሞልተው ሲጭኑት አይቻለሁ፤ የኋላው ተቀምጦ የፊት ጎማ መንገድ አይነካም፣ ፍሬንም አይይዝም። ታንከሩን ግማሽ ሞልቶ መሄድም አይመችም፤ ውሃው በየማጠፊያው ወዲያና ወዲህ ሲላጋ መኪናውን ያወዛውዛል። እኔ በሥራዬ ፈሳሽ ጭነት ምን እንደሚያደርግ ስለማውቅ፣ አነስ ያሉ ሁለት ሮቶዎች ገዝቼ ጢም አድርጌ እሞላቸዋለሁ፤ በጠቅላላው 500 ሊትር ነው። የምንቀዳው ከተማ ከሚገኝ የውሃ መሸጫ ነው።

ለሁለት ሰው በቀን ወደ 40 ሊትር እንጠቀማለን። አሜሪካዊ ጎረቤቶቻችን በዚህ ይገረማሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ላደገ ሰው ግን አዲስ ነገር አይደለም። ገላ በባልዲና በጣሳ፣ ሰሐን በሁለት ሳፋ፤ የመጀመሪያው ሳሙና ያለው፣ ሁለተኛው የሚለቀለቅበት። የወጥ ድስት ቅባቱ አስቀድሞ በወረቀት ተጠርጎ ምድጃ ውስጥ ይጣላል፤ እንደዚያ ካልተደረገ አንድ ድስት ብቻውን የቀኑን ውሃ ግማሽ ይጨርሳል። ልብስ ከተማ ይታጠባል። የውሃ ማጠራቀሚያው ውርጭ ከሚደርስበት በታች የተቀበረ ነው፤ የምንስበው በእጅ ፓምፕ ነው። ውጭ የተቀመጠ ሮቶ ከኅዳር ወዲያ በረዶ ሆኖ ይሰነጠቃል፤ ቤት ውስጥ የሚገባ ደግሞ ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ የማጠራቀሚያውን ጉድጓድ መሬቱ በውርጭ ሳይጠነክር አስቆፍሩ።

ብርዱን በተመለከተ፣ ከዩርቱ ጋር የሚሸጠው አንጸባራቂ ሽፋን የሚወራለትን ያህል አይሠራም። የምድጃውን ሙቀት በተወሰነ ደረጃ ይመልሳል፤ እሳቱ ሲጠፋ ግን ቤቱ ከውጭው ጋር ይቀራረባል። እኛ በግድግዳው ውስጠኛ በኩል ወፍራም የበግ ጠጉር ምንጣፍ ጨመርን፤ ሞንጎሎቹ ያውቁ ነበር። ሙቀቱ ወደ ጉልላቱ ይወጣል፤ እላይ ሰው ሲያልበው ወለሉ ላይ እግር ይቆረጥማል። ቀለበቱ ሥር የተሰቀለች ትንሽ ቬንትሌተር ቀስ ብላ ስትዞር ይህን ታስተካክላለች። በብርዱ ወራት ጉልላቱን ከውስጥ በግልጽ ፕላስቲክ እንሸፍነዋለን። ካልተሸፈነ የሽሮው እንፋሎትና የሰው ትንፋሽ እላይ ቀዝቅዞ ውሃ ይሆንና መሐል ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። አልጋችሁን መሐል ላይ አታድርጉ።

የእንጨት ምድጃ ስትገዙ በጭስ መጠን የተመሰከረለትን ምረጡ፤ እንጨት ይቆጥባል። ጭስ ማውጫው በግድግዳ ወጥቶ ከቤቱ ውጭ በቆመ ጠንካራ እንጨት ተደግፎ ቢወጣ ይሻላል፤ በሸራ ጣሪያ ከማስወጣት ይልቅ ለእሳትም ለውሃም አስተማማኝ ነው። ጫፉ በሦስት ሜትር ዙሪያ ካለው ማንኛውም ነገር ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ እንደዚያ ካልሆነ ነፋሱ ጭሱን ወደ ቤት ይመልሰዋል። ማገዶ የምንቆርጠው ከሪዮ ግራንዴ ብሔራዊ ደን ፈቃድ ገዝተን ነው። ፒንየን የሚባለው ጥድ እጅግ ይሞቃል፤ ሙጫው ብዙ ስለሆነ ግን ጭስ ማውጫውን ጥቀርሻ ያለብሰዋል፤ በብርዱ ወራት መሐል አንዴ መጥረግ ግድ ነው። እንጨቱ ቢያንስ አንድ በጋ ተፈልጦ የደረቀ ይሁን። እርጥብ እንጨት ጭስ እንጂ ሙቀት የለውም።

ከሁሉ አስቀድሜ ልጽፈው የሚገባኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ከሰል ዩርት ውስጥ አታስገቡ። ቡና ለማፍላት ቢሆንም፣ ዕጣን ለማጨስ ቢሆንም፣ «በሩን ገርበብ አድርጌዋለሁ» ቢባልም አታስገቡ። በብርድ ወቅት ጉልላቱ ሲዘጋ ዩርት አየር አይወጣበትም፤ የከሰል ጭስ አልባ መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አይሸትም፣ አይታይም። አገራችን ውስጥ በከሰል ስንት ቤተሰብ ተኝቶ እንደቀረ ሁላችንም ሰምተናል። ቡናውን በጋዝ ቆልተን እናፈላለን፤ ዕጣኑን ደግሞ ከቤት ውጭ፣ በረንዳ ላይ ባለ ፍም እናጨሰዋለን። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ሁለት ይኑራችሁ፤ አንዱ አልጋው አጠገብ።

ፀሐዩ የዚህ አገር ጸጋ ነው። ስድስት ባለ 400 ዋት ፓነሎች መሬት ላይ በተተከለ ብረት ላይ አሉን፤ የዩርት ጣሪያ ፓነል አይሸከምም። በብርዱ ወራት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ወደ 60 ዲግሪ አዘንብለናቸዋል፤ በረዶም በቀላሉ ይንሸራተትላቸዋል። ባትሪዎቹ ሁለት ባለ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ሊቲየም ብረት ፎስፌት ናቸው። ይህ ዓይነቱ ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ከተደረገ ይበላሻል፤ ስለዚህ ቦታው ውጭ ያለ ሣጥን ሳይሆን ቤት ውስጥ ነው።

ሻጮች ብዙ ጊዜ የማይናገሩት አንድ ነገር አለ። ፓነል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይጨምራል። የእኛ ፓነል በ25 ዲግሪ ሙቀት ምንም ሳይገናኝበት 37 ቮልት ይሰጣል። አራቱን በተከታታይ ብታገናኙ 148 ይሆናል፤ ከፓነል ወደ ባትሪ የሚገባውን ኤሌክትሪክ ለሚቆጣጠረው፣ 150 ቮልት ለሚችል መቆጣጠሪያ የሚሆን ይመስላል። ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሆነ ጠዋት ግን ቮልቴጁ 15 በመቶ ገደማ ጨምሮ 170 ይደርሳል፤ መቆጣጠሪያው ይቃጠላል። ሦስት ሦስት አድርጋችሁ አገናኙ።

ስለ እንጀራ ብዙ ሴቶች ባለቤቴን ይጠይቋታል፤ መልሷን እዚህ ላስቀምጥ። አገር ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ስለሚስብ እዚህ አይታሰብም። አሜሪካ የሚሸጠው ባለ 1,500 ዋት ምጣድ ግን 3,000 ዋት ኢንቨርተር (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ የሚሆን አድርጎ የሚቀይር መሣሪያ) ላይ ያለ ችግር ይሠራል፤ አንድ ሰዓት ቢጋገርበት ቢበዛ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ተኩል ነው። እሷ የምትጋግረው ጥርት ባለ ቀን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ምጣዱ የሚበላው በቀጥታ ከፓነሉ ስለሆነ ባትሪው አይነካም። ደመና ከሆነ ሊጡ አንድ ቀን ይቆያል፤ ትንሽ ይኮመጥጣል እንጂ አይጎዳም። ከባዱ ማቡካቱ ነው። ሊጡን ምድጃው አጠገብ ስታስቀምጠው በአንድ ወገን ይሞቃል፣ ራቅ ስታደርገው ይተኛል። መፍትሔው ኢንቨርተሩ የተሰቀለበት ጥግ ሆነ፤ ሌሊቱን ሙሉ ለብ ያለ ነው። ኤሌክትሪኩን የሚጨርሰው ምጣዱ አይደለም። ባለቤቴ የምትሠራበት የሳተላይት ኢንተርኔት ቀንም ሌሊትም ከተተወ ከማቀዝቀዣው ይበልጥ ስለሚበላ፣ ስንተኛ እናጠፋዋለን። ባቄላና ሽምብራ የሚቀቀለው በግፊት ድስት ነው፤ ውሃ እዚህ ከፍታ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ያለ እሱ ጋዝ ማባከን ነው።

ሁለት ሆናችሁ ከሆነ የምትገቡበት፣ ሁለታችሁም ሁሉንም ሥራ ማወቅ አለባችሁ። እኔ መንገድ ላይ ስሆን ባለቤቴ ብቻዋን ናት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምድጃውን የምትቀሰቅሰው፣ ከጣሪያው ተንሸራትቶ ግድግዳው ሥር የተከመረውን በረዶ ሸራውን ሳይገፋ የምትጠርገው፣ ጄኔሬተሩ አልነሳ ሲል ካንዴላውን ፈትታ የምታጸዳው እሷ ናት። ከመግባታችን በፊት እያንዳንዱን ሥራ ደጋግማ ሠርታው ነበር። በጥር ብርዱ ሲጠና ኦሮራ እህቷ ጋ ትሄዳለች፤ ይህ ሽንፈት አይደለም፣ ጤነኛ አሳብ ነው። ጥምቀትንም እዚያው ከሕዝቡ ጋር ታከብራለች። ብቸኝነቱ ለእኔ የሚከብደኝ በዐውደ ዓመት ነው፤ ዶሮ ሠርቶ የሚጠራው ጎረቤት ቬጀቴሪያን ሲሆን ሰው ይተክዛል።

ትንንሾቹን ነገሮች በአጭሩ ልለፋቸው። ቁም ሣጥን ለክብ ግድግዳ አይሆንም፤ ዝቅ ያሉ ሣጥኖች ይሻላሉ። ኮሎራዶ ውስጥ የሌላ ሰው ከብት መሬታችሁ ላይ ከገባ ማጠር የነበረባችሁ እናንተ ናችሁ፤ ላም የዩርት ሸራ ላይ ታካለች፣ ስለዚህ ከዩርቱ በፊት አጥሩን አስቡ። ሸራው በዚህ ከፍታ ፀሐይ ቶሎ ይደርቃል፤ አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት ቢያገለግል ነው። ለመቀየሪያው ከአሁኑ በየወሩ ጥቂት ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ከእኛ አጠገብ ያለውን ባለ አምስት ኤከር ኢንተርኔት ላይ አይቶ ደወለልኝ። ቅድሚያ ክፍያውን ዛሬውኑ ልላክ ወይ አለኝ። አትላክ አልኩት። መጀመሪያ ለካውንቲው ደውለህ እዚያ መሬት ላይ ምን እንደሚፈቀድ በጽሑፍ ጠይቅ፣ ቀጥሎ የውሃ ክፍሉን ጉድጓድ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቅ። ከዚያ በመጋቢት ወር፣ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ሲሆንና ነፋሱ አቧራ ሲያስነሳ፣ በራስህ መኪና ና። እስከ መሬቱ ድረስ መድረስ ከቻልክ ሁለት ሌሊት እዚያው መኪናህ ውስጥ እደር፤ እኛ ጋ አትምጣ፣ እኛ ጋ ይሞቃል። ሚስትህንም ይዘሃት ና አልኩት። «እሷንማ ገና አልነገርኳትም» አለኝ።